ቦዩን የተሻገረው ውሻችን

ውሻችን ጨዋ ነበር። የእኛ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ጎረቤታችን ራሳቸው ሲመሰክሩለት ሰምቻለሁ። ፈላና በር በሚባለው የከተማው መግቢያ አካባቢ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ እኛ ክርስቲያኖች፣ እሳቸው ሙስሊም ባልቴት። በሃይማኖታቸው ውሻ አፉን የከተተበትን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ አለባቸው። ውሻችን ታዲያ ቡችላ እያለ ስለተማረ በግቢው መሃል ያለችውን ቦይ ወደ እሳቸው በኩል ተሻግሮ አያውቅም። ለሶላት ሊታጠቡ ውዱእ ሲያደርጉ ካየማ ተነስቶ ራቅ ይላል።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ተለወጠ። የግቢውን በር ሊወጣ ሲፈልግ በማይከፈተው፣ በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳ ላይ ያፈጣል። ቀኑን ሙሉ ይተኛና ሲመሽ ይንጎራደዳል። እኔ ሞኟ «ሽማግሌው ኮራ» እያልኩ እስቅበት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቦዩን ተሻግሮ ከጎረቤታችን የውዱእ ባልዲ ውሃ ጠጣ። በማግስቱም ደገመው። በሽምግልናው ባለገ ብዬ በንዴት አሰርኩት። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ የእኛው ግን የበላበት ቤት የት እንደሆነ የጠፋው ይመስል በገመዱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ሲጮህ ዋለ።

ገመዱን በጥሶ እንደገና ባልዲው ላይ ሲገኝ በቃ አልኩ። ሴትዮዋን በየቀኑ ዕቃ በአፈር እያጠቡ ይስገዱ ማለት ነውር ነው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የምናውቀው ገበሬ እንዲወስደው አሰብኩ። ጥርሱ ያለቀ፣ መንገድ የማይለይ ውሻ እዚያ ሜዳ ላይ ከጅብ እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸውና ሐሳቤን ልነግራቸው ሄድኩ።

ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ብልግና አይደለም» አሉኝ። «እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ መጨረሻዋ ላይ እንዲህ ነበረች። በሩ ፊት ቆማ በሩ የት ነው ትለናለች። ሰው ቤት ገብታ የራሷ መስሏት ትቀመጣለች። ወላሂ ተንኮል የለባትም። እሱም ጠፍቶበት ነው።»

«ባልዲውስ?»

«እኔ ሌላ እገዛለሁ፣ ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ይሄኛው የሱ ይሁን። ብቻ ውሃ እንዳታጎድሉበት።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ውሻው ባልዲው አጠገብ ተኝቷል፤ አንገቱ ላይ የቀረውን ገመድ ልፈታለት ሮጬ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ጥርሱን አሳየኝ። ዓይኑ ከተገለጠ ጀምሮ ከእጄ የበላ ውሻ አጉረመረመብኝ። ፊቱን አየሁት፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ የፈራ ነበር። ጅብ ይበላብኛል ብዬ ስጨነቅለት የነበረው ውሻ እኔን አያውቀኝም። ጎረቤታችን እያዩኝ ዕንባዬ ወረደ።

ከዚያ ወደኋላ አልኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ውሻ እንደሚለማመድ ሰው እጄን ዘርግቼ እስኪያሸተኝ ጠበቅሁ።