አገውኛ የምትሰማው ውሻዬ

ለተጨነቀ ሰው ምክር የምሰጥበት ክፍል ውሻዬን ይዤ የገባሁ ሰሞን የቆሰበር ከተማ ሰው ጉድ አለ። «ሰው አልበቃ ብሏት ውሻ ታማክር ጀመር!» አሉኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ይበሉ አልሁ። ውሻዬ የተጨነቀ ሰው እግር ሥር ጋደም ብላ አገጯን ጫማው ላይ ስታሳርፍ፣ የሰውየው ትከሻ ሲረግብ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዳ ሰው ፊት መረጋጋትን ማን አስለመዳት? እኔው ነኛ!

አንድ ነገር ብቻ አቅቶኝ ነበር። ያደገችው ግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ገበሬ ቤት ስለሆነ የምትሰማው አገውኛ ነው። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ስጠራት ደስ ካላት ትመጣለች፤ ካላላት ዝም ብላ ታየኛለች።

አንድ ቀን አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ወንድሟ ከገበያ ሲመለስ መኪና ገጭቶት ከሞተ ወዲህ ከአፏ ቃል አልወጣም፤ ትምህርቷንም ትታለች። ከዚያ ቀን በፊትም፣ ውሻዬን ማምጣት ሳልጀምር፣ ደጋግመው አምጥተዋት ትንፍሽ አላለችም። «የዛሬው የመጨረሻ ነው» አሉኝ፤ «ካልተናገረች ጫግኒ አክስቷ ዘንድ እልካታለሁ።» ከሄደች ዝምታዋን ይዛ እንደምትቀር ታወቀኝ።

ውሻዋን ሲያዩ ደግሞ በቁማቸው ቀሩ። «በጾም ውሻ ልትነካኝ? ቅዳሴ አለብኝ እኮ፣ እህቴ!» ብለው ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ልጃቸውን ከውሻ ጋር እንዳልዘጋባትም በሩን ክፍት አስደረጉኝ።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ውሻዬ ክፍሉን ትዞራለች። «ቁጭ በይ!» እላለሁ። ወይ ፍንክች! «ቁጭ በይ እንጂ፣ አታሳፍሪኝ!» ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳልሰለቻት አልቀረሁም። ከዚያ በሻከረ ድምፅ ውሻዬን በአገውኛ የሆነ ነገር አለቻት። ውሻዬ ወዲያው ቁጭ!

ልጅቷ ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የውሻዋን አንገት አቅፋ በአገውኛ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ታወራላት ጀመር። አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን እንዴት እንደኮራሁ! በውሻዬም፣ በልጅቷም።

ዞር ስል አባትየው በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። ሳልጠይቃቸው በአማርኛ ነገሩኝ። «‹ወንድሜን ገበያ የላክሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልሁት› ትላለች። እሷ ምን አደረገች? ላኪው ብዬ ያዘዝኋት እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ይንገሯት እንጂ!» አልሁ፤ ቁጣዬ መጥቶ።

ገቡ። ከውሻዬ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብለው የልጃቸውን እጅ ያዙና በቋንቋቸው ነገሯት። ልጅቷ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ አባቷ ደረት ላይ ተደፍታ።