ሳያስፈቅዱ መቅደም

በአማቴ ሕግ ጡሩምባ መንፋት ማስፈቀድ አይደለም። «ጡሩምባማ ማስፈራራት ነው» ይላሉ። ከፊቴ ያለውን መኪና ደርቤ ማለፍ ካማረኝ ሹፌሩን በአፌ መጠየቅ፣ «እለፍ» ሲለኝም በጆሮዬ መስማት አለብኝ። በእግር መንገድ ሽማግሌ ከፊቱ የሚሄድበት ሰው «ልለፍዎ?» ሳይል እንደማያልፈው ማለት ነው። ሞተር መጮኹ፣ ነፋስ ቃል ነጥቆ መሄዱ ለእሳቸው ምክንያት አይሆንም። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ፤ እንጀራዬ ከመሪ ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ስመላለስ ነው ያረጀሁት። በዚህ ሕግ የሚነዳ ሌላ ሹፌር በአገሩ ካለ ይምጣና እንተዛዘን።

ነገሩ የጀመረው ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ቆየት ብሎ፣ መንገዱ አስፋልት ለብሶ ገና ጥቁረቱ ሳይለቅ። የአንድ እህል ነጋዴ ፒካፕ እነዳ ነበር። በቆሎ ልጭን ቡሬ ስመላለስ አንዲት ልጅ ወደድሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ከሚኖር የአገው ባላገር ቤት የተወለደች፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ልጅ ናት። አባቷ በፈረሰኝነታቸው የታወቁ፣ ለወግና ለሥርዓት የሞቱ ሰው ናቸው። አንድ የገበያ ቀን ልጅቷ ጠጋ አለችኝና እንዲህ አለች።

«ለእሑድ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባቴ ደግሞ ቀድሞ ደጁን የረገጠ ሰው ይከብዳቸዋል። ያንተዎቹ ከቀደሙ ቀደሙ፤ ካልቀደሙ እኔ ምን ላድርግህ?»

እንቅልፍ የሚባል ነገር በዚያው ጠፋ። ሽማግሌ ሲላክ አግቢው አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ግን ሹፌር ከየት ይምጣ? አጎቴ ብልሃት አያጣም፤ «አንተ ዛሬ ሹፌር ነህ እንጂ አግቢ አይደለህም። ከመኪናው እንዳትወርድ ብቻ» ብሎ ገላገለኝ። እሱን፣ የንስሐ አባቴንና ጆሯቸው የከዳቸውን አንድ ጎረቤታችንን ይዤ ልሄድ ተቆረጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንነሳለን ተባባልን። ቅዳሴው አለቀ፤ ሰንበቴ ተገባ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ጠላ ተቀዳ፤ አሁንም ተቀዳ። እኔ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ የመኪናውን ቁልፍ በጣቴ እያሽከረከርሁ ቆሜ ሸበትሁ። ሲወጡም አንዱ ከዘራውን ረስቶ ተመለሰ። ሽማግሌ አይቆጡትም እንጂ፣ እንደዚያ ቀን መቆጣት አምሮኝ አያውቅም።

ማንኩሳን አለፍ እንዳልን አንድ ሚኒባስ ከፊታችን ሲንፏቀቅ አየሁ። በኋላ መስታወቱ ነጫጭ ጋቢና ከዘራ ይታያል። በእሑድ ቀን ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች መኪና ተኮናትረው የሚሄዱት ወይ ለቅሶ ወይ ሽምግልና ነው። እነዚህ ደግሞ ይሳሳቃሉ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንደዚያ አይስቅም። ክው አልሁ።

«እነሱ ናቸው!»

«እነማን?» አለ አጎቴ።

«የዚያ የሌላው ሽማግሌዎች!»

ማርሽ ቀየርሁ፣ ወደ ግራ ወጣሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁት። ልክ ጎን ለጎን ስንሆን፣ ጋቢና ከእኔ ጋር የተቀመጡት የንስሐ አባቴ ክንዴን ጨበጡኝ።

«አንተ! ሽማግሌዎች እኮ ናቸው! ሳታስፈቅድ?»

«በኋላ አስፈቅዳለሁ፣ አባ!»

«በኋላማ ይቅርታ ነው የሚባለው» አሉና መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሰላምታቸውን ጀመሩ።

የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ መች «እንደምን ዋላችሁ» ተብሎ ይተዋል! በሚኒባሱ ውስጥ ያሉትም መስኮታቸውን ከፍተው መለሱ። ደኅና ናችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናሙስ እንዴት ይዟችኋል? የሚኒባሱ ሹፌር ያሳደጉት ልጅ ነውና ሰላምታው እንዳይቋረጥ ብሎ ከእኔ እኩል ይነዳል። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ስቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ሁለታችን አስፋልቱን ሞልተን ስንሄድ፣ ከፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ መጣ።

«አባ፣ ይበቃል በእመቤቴ!»

«ቆይ እንጂ፣ መስቀል ላሳልማቸው!»

እግሬን እስከ ወለሉ ረገጥሁት። ፒካፑ እንደዚያ መሮጥ እንደሚችል ባለቤቱም አያውቅ። በጭነት መኪናው አፍንጫ ሥር ሾልከን ወደ መስመራችን ገባን። አባ መስቀላቸውን በመስኮት እንደዘረጉ ቀሩ። ከኋላ ጆሯቸው የከዳቸው ጎረቤታችን «ደረስን?» አሉ።

የት ተደርሶ! ከኩርባው ወዲያ ትራፊክ ቆሞ ጠበቀን።

«ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ፣ ያውም ደርበህ ስትቀድም» አለና መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝ።

«እየቀደመ እኮ አይደለም፣ ልጄ» አሉ አባ፤ «ሰላምታ እየሰጠን ነው።»

ትራፊኩ ቆቡን አውልቆ መስቀል ተሳለመና መልሶ አጠለቀው። «አባ፣ ይፍቱኝ፤ በዚህ ፍጥነት ሰላምታ አይሰጥም።»

እውነቱን ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን ቅጣቱ አልነበረም። ሚኒባሱ ከኋላ እየመጣ ነው። መንጃ ፈቃዴ በትራፊኩ እጅ፣ ልጅቷ በሚኒባሱ እጅ ልትሆን ነው። እንባዬ መጣ፤ ወንድ ልጅ አስፋልት ዳር ቆሞ ማልቀሱ ደግ አይደለም ብዬ ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልሁ።

ሚኒባሱ ግን አላለፈም፤ ቆመ። ሽማግሌ የተጨነቀ ሽማግሌ አይቶ እንዴት ያልፋል? ጋቢያቸውን እያደላደሉ አንድ በአንድ ወረዱና ትራፊኩን ከበቡት። «የእኔ ልጅ፣ ስለ እመብርሃን» አሉት። «ልጅነት ነው፣ ይቅር በለው» አሉት። ትራፊኩ ዞር ቢል ከዘራ፣ ዞር ቢል ጋቢ።

«አባቶቼ፣ የቀደመው እኮ እናንተን ነው!»

«እኛማ ይቅር ብለነዋል!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«እናንተ ይቅር ብትሉት ሕጉ አላለውም» ብሎ ቅጣቴን ጻፈልኝና፣ ሽማግሌ ፊት ነውና ልክ ልኬን ሳይነግረኝ ለቀቀኝ።

ከሚኒባሱ የወረዱት ታላቁ፣ ረጅም ሽማግሌ፣ ወደ አጎቴ ዞሩ። «ለመሆኑ ይህን ያህል ያስቸኮላችሁ ምን ነገር ገጥሟችሁ ነው?» አጎቴ መዋሸት አይችልበትም፤ የማን ቤት እንደምንሄድ ነገራቸው። ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ረጅሙ ሽማግሌ መሬቱን በከዘራቸው ቸከል ቸከል አደረጉና፣ «እንግዲያውስ አብረን እንግባ። ሽማግሌና ሽማግሌ አይሽቀዳደምም» አሉ።

አብረው ገቡ። እኔ እንደተባልሁት ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር መኪናዬ ውስጥ ቀረሁ። የሆነውን አጎቴ ነው ያወራኝ። የልጅቷ አባት ያን ሁሉ ጋቢ ሲያዩ «ለአንድ ጎረምሳ ይህ ሁሉ ሰው!» ብለው ደነገጡ አሉ። ነገሩ ተገለጠላቸው። አጎቴ ተነሥቶ «የእኛ ልጅ ጨዋ፣ ትሑት፣ ታላቁን የሚያከብር ነው» ብሎ አወደሰኝ። ያን ጊዜ ረጅሙ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ጨዋነቱን አናውቅም። ዛሬ ግን ሳያስፈቅድ ቀድሞናል።»

አለቀልኝ! ለእኚህ ሰው ሽማግሌን ሳያስፈቅዱ ማለፍ ከስርቆት ይከፋል። «የት አለ? ጥሩት» አሉ። አግቢ በሽምግልናው ቀን ቤት ሲገባ ታይቶም አይታወቅም፤ እኔ ገባሁ። ከምሰሶው አጠገብ አቆሙኝ።

«ለምን ቀደምኻቸው?»

ከአጥሩ እስከ በሩ የፈጠርሁት ውሸት ብዙ ነበር። ፍሬን እምቢ አለኝ ልል ነበር፤ አባ ታመውብኝ ነው ልልም ዳድቶኝ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ልጅዎን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው» አልሁ።

ከዚያ ከጓዳ ሳቅ ፈነዳ። አፏን በነጠላ ብታፍነውም ያ ሳቅ የሚታፈን አይደለም፤ ቀጠለ። አባቷ ወደ ጓዳው አዩ፤ እኔን አዩ። ረጅሙ ሽማግሌ ሳቁን እስኪያልቅ ካዳመጡ በኋላ «እኛ እንግዲህ መልሳችንን ሰምተናል» አሉ።

በመጀመሪያ ቀን ልጅ ሰጥቻለሁ አይባልም፤ «ለፋሲካ ተመለሱ» ተባልን። ከዚያ በፊት ግን ማል ተባልሁ። «ልጄ በመኪናህ ውስጥ ሳለች ከፊትህ ያለውን ሳታስፈቅድ አትቀድምም።» በአባ መስቀል ማልሁ። ዋሶቼ እነዚያው የቀደምኋቸው ሽማግሌዎች ሆኑ። ሠርጌንም በልተዋል፣ ይባረኩ።

መማሉ ቀላል ነበር፤ መኖሩ ነው ጉዱ። ሚስቴን ይዤ ስሄድ ከፊቴ ትራክተር ይኑር፣ ተሳቢ ይኑር፣ ጎኑ እጠጋና እሷ በመስኮት ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ እንለፍ?» ትላለች። አንዱ ጎማው የፈነዳ መስሎት ይቆማል። ሌላው ይሽኮረመምና መንገዱን ያጣዋል። የማይሰማም አለ፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰን ጭሱን እየጠጣን እንከተላለን። አንድ ቀን አንጀቴ አርሮ አማቴን «አንቱስ በጥር ጊዮርጊስ ፈረስ ሲጋልቡ ማንን አስፈቅደው ነው የሚቀድሙት?» ብላቸው፣ «የሚቀድመው ፈረሱ ነው፤ እኔማ ተቀምጫለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ስንል ሚስቴ አረገዘች። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና ወሯ ሲገባ ወደ ወላጆቿ ሄደች። አንድ ጠዋት «ምጡ ጠንቶባታል፣ ቶሎ ድረስ» የሚል መልእክት መጣብኝ። ስደርስ ያ ሳቋ የለም። ፊቷ አመድ መስሏል። ከቀበሌው የተጠራችው የጤና ባለሙያ «ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ አሁኑኑ!» አለች። ሚስቴን ከኋላ እናቷ ደግፈዋት ተቀመጡ፤ አማቴ ጋቢና ከእኔ ጋር ገቡ።

ቡሬን እንደለቀቅን ጭድ የጫነ መኪና ከፊታችን ተደቀነ። ጭዱ ግራና ቀኝ ሞልቶ ፈስሶ፣ ሹፌሩ በስፖኪዮ አያየንም። ጎኑ ተጠጋሁ። አማቴ በመስኮት ወጥተው «ልጄ፣ እንለፍ?» ብለው ጮኹ። ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ዘፈን ከፍቷል። ከፊት መኪና መጣ፤ ወደ ኋላ ተመለስሁ። ደግሜ ተጠጋሁ፤ አሁንም ጮኹ፤ የተመለሰላቸው አፍ ሙሉ ጭድ ነው። ከኋላ ሚስቴ አቃሰተች። ከዚያ ማቃሰቷን ተወች። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አባባ፣ ይፍቱኝ! የማልሁትን ይፍቱኝ!»

አማቴ ጭዱን ተፉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ያ ኩሩ ፊታቸው ሲፈርስ አየሁት።

«ፈቅጃለሁ!»

«ማን? አንቱ? የሱን መንገድ?»

«ሽማግሌ ነኝ! ስለ እሱ እኔ ፈቅጃለሁ! ንዳ!»

ነዳሁ። ስንት እንደነዳሁ አልነግራችሁም፤ ሕግ ያለበት አገር ነው። ጭዱን አለፍሁት፤ አውቶቡስ አለፍሁ፤ ሚኒባስ አለፍሁ። አማቴ ለፈረሳቸው የሚሉትን ሁሉ ለፒካፑ አሉት። «ግፋ! በለው!» እያሉ በሩን ይደበድባሉ። መኪና ባለፍን ቁጥር ደግሞ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «እንለፍ?» ይላሉ፤ ያለፍነው ሰውዬ የት ቀርቶ! ከዚያ ያ ኩርባ መጣ። ትራፊክም ነበረበት። እጁን አነሣ። አማቴ እስከ ወገባቸው ወጥተው «ምጥ ነው፣ ልጄ! እንለፍ?» አሉት። እጁ ቁሙ ይበል እለፉ ይበል እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ፈቅዷል!» አሉ አማቴ።

ሚስቴ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ሐኪሟ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። አማቴ ወደ ግድግዳው ፊታቸውን አዙረው ቆዩ። እኔም ሌላው ግድግዳ ደረሰኝ።

ወጥተን ስንመለስ አማቴ የልጅ ልጃቸውን ከእናቷ ነጥቀው ጋቢና ታቅፈዋት ተቀመጡ። ቤት ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ከቡሬ ወጥተን ወደ ቀበሌው ጠባብ መንገድ ስንታጠፍ አንድ ጋሪ ከፊታችን ገባ። ፈረሱ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። አማቴ ተቁነጠነጡ። መንገዱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ምን ትጠብቃለህ? ቅደመው እንጂ! ሰው እየጠበቀ!»

«ሳላስፈቅድ?» አልኋቸው።

አጉረመረሙ። መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው ልጅቷን አዩ። ተኝታለች። ድምፃቸውን ዝቅ፣ በጣም ዝቅ አደረጉና ወደ ጋሪው «ልጄ፣ እንለፍ?» ብለው አንሾካሾኩ። ባለጋሪው የት ይስማ! ደግመው አንሾካሾኩ። ከኋላ ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። እስከ ቤት ድረስ ከጋሪው ኋላ ሄድን።