የሰባ አራት ሞዴል፣ በስልሳ ሰባት የተገዛች

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከቡታጅራ ወጣሁ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል። የወጣሁት ሪባን በታሰረላት የሙሽራ መኪና ነው። ሙሽራ ግን አልነበረም።

ወልቂጤ ተቀምጬ ለአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ እዘግብ ነበር። በዚያ ሰሞን አዘጋጃችን ታሰረ። ከዚያ ሁለት ሰዎች የተከራየሁበት ቤት ሦስት ጊዜ መጥተው አከራዬን ስለ እኔ ጠየቁት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቦርሳ ይዤ ቡታጅራ፣ አጎቴ ሐጂ ነስሩ ቤት ገባሁ።

ሐጂ ነስሩ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍና፣ አንዲት ረጅም የአሜሪካ መኪና ትቆማለች። ባለ አራት በር ናት፤ ቀለሟ ክሬም ነው፤ አገሩ «መርከቧ» ይላታል። በአብዮቱ መጀመሪያ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ የገዛት ናት። የወንበሯ ላስቲክ እስከዚያ ቀን ድረስ አልተነሳም። ሐጂ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ሸራውን ይገልጣል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጎማዋ በአንድ በኩል እንዳይተኛ ሁለት ሜትር ወደፊት ሁለት ሜትር ወደኋላ ያንቀሳቅሳታል፣ ከዚያ ይሸፍናታል። ከመጋዘኑ የምትወጣው ዘመድ ሲዳር ብቻ ነው። የክርስቲያን ይሁን የእስላም ሠርግ አይለይም፤ ግን አትከራይም። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ አታውቅም።

«በሚኒባስ ብሄድ ይሻላል» አልኩት። «በዚች መኪና የማያየኝ ማን አለ?»

«ሁሉም ያያታል» አለኝ። «የሚያስቆማት ግን የለም። የሙሽራ መኪና የሚፈትሽ ፖሊስ እስካሁን አልተወለደም።»

ሚስቱ እቴ ሩቅያ ሪባኑን አሰረች። የእኔን ጃኬት አስወልቃ የልጇን ኮት አለበሰችኝ። አላለቀሰችም፤ «ከረባቱ ጠማማ ነው» ብላ አስተካከለችልኝ።

ወደ ዝዋይ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ላይ ኬላ አለ። ሐጂ ተሳስቷል፤ አንድ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

«ሙሽራዋስ?»

«ልናመጣት ነው፤ ዝዋይ ናት።»

ፖሊሱ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሙሽራው እሱ ነው?»

«እሱ ሚዜ ነው» አለ ሐጂ። «ሙሽራው እኔ ነኝ።»

አጎቴ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎታል። ፖሊሱ አፉን ይዞ ሳቀ። «እትዬ ሩቅያ ያውቃሉ?»

«ሪባኑን ያሰረችው እሷ ናት።»

«እረ ሐጂ፣ ይግደሉን!» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ሐጂ ዝዋይ ላይ አወረደኝ። ከመኪናው አልወረደም፤ በመስኮት ትከሻዬን ነካ። «እዚያ ስትደርስ እንዴት ወጣህ ብለው ቢጠይቁህ እውነቱን ተናገር» አለኝ። «ውሸት ለፖሊስ ነው፤ ለወረቀት አይሆንም።» እኔም በሙያዬ የማምነው ይህንኑ ነበር። ከዝዋይ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ ዲላ፣ ከዲላ ሞያሌ በአውቶቡስ ሄድኩ። ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ከዚያ እስከ ናይሮቢ ከበሬዎች ጋር በጭነት መኪና ተጫንኩ።

አገር ቤት ላላችሁ ናይሮቢን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሐምሌው እንደ ቡታጅራ ሐምሌ ይበርዳል፤ ዝናብ ግን የለውም፣ ስለዚህ ብርዱ ምክንያት የለሽ ይመስላል። ኡጋሊ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አላቸው። «ቆጮን ይመስላል» ብሎ የነገረኝ ሰው ወይ ቆጮ በልቶ አያውቅም ወይ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ግን ጎመን ነው፤ ቅቤው ብቻ የለም። ፖሊስ «ኪፓንዴ!» ካለህ መታወቂያ አውጣ ማለቱ ነው። መታወቂያ የለኝም ካልከው ደስ ይለዋል።

አከራዬ ማማ ንጄሪ የምትባል ወፍራም፣ ቁጡ፣ በልቧ ደግሞ መጥፎ ያልሆነች ሴትዮ ናት። በርበሬ ባመስኩ ቀን ከነልጆቿ እየሳለች ግቢ ወጣች።

«ምንድን ነው የምታቃጥለው?»

«ቅመም ነው።»

«ይህን ሁሉ የምትበሉ ሰዎች እንዴት ፖሊስ ፈራችሁ?»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ኢትዮጵያውያን ሁሉ ሯጮች ናችሁ ይባላል። አንተ ለምን አትሮጥም?» አለችኝ።

«ሮጫለሁ» አልኳት። «ሮጬ የደረስኩት እዚህ ነው።»

የስደተኝነት ማመልከቻዬን ለማስረዳት ወደ ስደተኞች ቢሮ የተጠራሁት በስምንተኛው ወር ነው። ጠያቂዋ መነጽር ያደረገች ጸጥተኛ ፈረንጅ ናት። አስተርጓሚው ናይሮቢ ያደገ የእኛ አገር ልጅ ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው፣ አገሩን ግን አይቶ አያውቅም። በቀጠሮው ዋዜማ ቀኖቼን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሼ ነበር። አዘጋጄ የታሰረበትን፣ ወልቂጤን የለቀቅኩበትን፣ ድንበር የተሻገርኩበትን አንድ በአንድ ጽፌ አመሳክሬአለሁ።

«ከከተማህ በምን ወጣህ?» አለች።

«በአሜሪካ መኪና።»

ብዕሯን አቆመች። «እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በሽንኩርት ጆንያ ስር ተደብቄ ወጣሁ ነው የሚለኝ።»

«እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነው የወጣሁት። ከረባት አድርጌ።»

«መኪናው አዲስ ነው?»

«አሮጌ ናት። ግን ብዙ አልተነዳችም፤ አሥራ ሁለት ሺህ ማይል አልሞላችም።»

«በስንት ዓመት?»

«የሰባ አራት ሞዴል ናት፤ አጎቴ በስልሳ ሰባት ነው የገዛት።»

አስተርጓሚው ቃል በቃል ነገራት። ጻፈችው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበር የምትሄደው?»

«ሁለት ሜትር ወደፊት፣ ሁለት ሜትር ወደኋላ።»

አልሳቀችም። አስተርጓሚው ግን ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነገሩ የቀና መሰለኝ።

መልሱ የመጣው በሁለት ወሩ ነው። ማመልከቻዬ ውድቅ ተደርጓል። ምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ተጽፏል፦ አመልካቹ ያመለጠበት መኪና ከመሠራቱ ከሰባት ዓመት በፊት እንደተገዛ ተናግሯል፤ ስለዚህ የአወጣጡ ታሪክ ተዓማኒነት የለውም፤ የአወጣጡ ታሪክ ካልታመነ ሌላውም አይታመንም። ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን ተሰጥቶኛል።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ። የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው፤ ሊብሬ ላይ የተገዛበት ዓመት የሚጻፈው በእኛ ነው። ቡታጅራ ውስጥ «የሰባ አራት ሞዴል፣ በስልሳ ሰባት የተገዛች» ሲባል ሰምቶ ግራ የገባው ሰው አላውቅም። እኔም ቀኖቼን ሁሉ ስቀይር ይህን አንዱን አልቀየርኩም፤ ቀን መሆኑን ረስቼዋለሁ፤ የመኪናዋ ስም አድርጌው ነበር። የእኔ ስህተት ነው፣ አስተርጓሚው የሰማውን ነው የተናገረው። ጎረቤቴ የሆነ አንድ ልጅ በአውሮፕላን መጥቶ «በጆንያ ስር መጣሁ» አለና ተቀብለውታል። እሱ በወሬው ውስጥ ምንም ዓመት አልጠቀሰም።

ለሐጂ ደወልኩ። የሊብሬው ኮፒ ማኅተም ተደርጎበት እንዲላክልኝ ለመንኩት።

«ለዚህ ነው የምታስቸግረኝ?» አለ። «ፈረንጆቹ መቁጠር አይችሉም?»

«ይችላሉ፣ ሐጂ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«አይዞህ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

ሰኞ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደ። ማኅተም የሚያደርገው ጸሐፊ ኮፒው ለምን እንደሚፈለግ ጠየቀው። ኬላ ላይ በሰባ ዓመቱ ሙሽራ ነኝ ያለ ሰው እዚህ አልዋሸም። «ለወንድሜ ልጅ ነው፤ ናይሮቢ» አለ። ጸሐፊው ማኅተሙን አደረገለት። ይህን ሐጂ ራሱ በዚያው ቀን በስልክ ነግሮኛል፤ በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ኮፒውን በሞያሌ ለሚመላለስ ነጋዴ ሰጠው።

ከዚያው ሳምንት ዓርብ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ቀን ስልኩ አልተነሳም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እቴ ሩቅያ አነሳች።

«ሐጂ አለ?»

«አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ተመልሷል።»

«ከየት ነው የተመለሰው?»

«ዓርብ ዕለት ሰዎች መጡ። መኪናዋ ለምርመራ ትፈለጋለች አሉ። ቁልፉን አልሰጥም አላቸው። ራሱ ነድቶ ወሰዳት። ዘጠኝ ቀን አቆዩት።»

«መኪናዋስ?»

«እሷን አልመለሱም።»

«መቱት?»

«ይበላል፣ ይጠጣል» አለች። «እንዲህ ያለ ጥያቄ በስልክ አይጠየቅም፣ የኔ ልጅ።»

ኮፒው ከይግባኙ ቀን አምስት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ። ቢሮው ተቀበለው። ጠያቂዋ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ጽፋ ሰባት ቀነሰች፣ ከዚያ እንደገና ቀነሰች። «ስለዚህ ያኔ መኪናው አዲስ ነበር ማለት ነው» አለች። አዎ አልኳት። «አጎትህ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ፎርሙ ላይ አላየሁትም። በቤቱ ነው ያለው አልኳት።

ማመልከቻዬ ተቀባይነት ማግኘቱን የነገሩኝ ማክሰኞ ነው። በዚያው ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡታጅራ ደወልኩ። እቴ ሩቅያ አነሳች።

«ተቀበሉኝ» አልኳት። «ለሐጂ ንገሪው። ሊብሬው ነው ያዳነኝ በይው።»

«እሺ።»

«ስጪኝ፤ እኔ ልንገረው።»

ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቅ ተሰማኝ። በጉራጌኛ የሆነ ነገር አለች፤ አጣርቼ አልሰማሁትም። ከዚያ ተመለሰች።

«ተኝቷል» አለች።

ከኋላዋ ሐጂ ሁለት ጊዜ ሲያስል ሰማሁት።