ወርቁ እንዳይሰረቅ የተዘጋ በር

አሶሳ ላይ የታሰርኩት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቤ የመጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ ስብሰባ ላይ የማይወደድ ጥያቄ ጠየቅሁ። የጣሉኝ ክፍል ከበሩ በቀር አየር የሚገባበት አልነበረውም። የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

ውስጡ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ ከሸርቆሌ በኩል የመጣ ወርቅ አጣቢ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ። ለተቃዋሚዎች ወርቅ ያቀብላል ተብሎ መታሰሩን በተሰባበረ አማርኛ ነገረኝ። አላመንኩትም። ጠባቂው ትምባሆ ይሰጠዋል፤ ሽማግሌው ሲያናግረኝ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። የጠቋሚ እጅ ነው ብዬ ትንፍሽ ሳልል ከረምኩ። እሱም ከጥጉ ሆኖ በጎሪጥ ያየኛል።

አንድ ረፋድ ጠባቂው የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ፣ የቆርቆሮ ሳህንና የተቋጠረ ጨርቅ ይዞ ገባ። ጨርቁ ውስጥ በሜርኩሪ የተያዘ ወርቅ ነበር፤ ከማን እንደነጠቀው አልተናገረም።

ሽማግሌውን “ሜርኩሪውን አቃጥልና ወርቁን ለይልኝ” አለው። ከዚያ ወርቁ እንዳይሰረቅበት በሩን ከውስጥ ዘግቶ ተደገፈው።

“ደጅ ይሁን” አልኩ። “ትነቱ መርዝ ነው።”

“ደጅ? ልታመልጥ አምሮሃል?”

“እኔ እዚሁ ልቅር። እሱ ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይሥራ።”

ሽማግሌው ሳቀብኝ። “ኡስታዝ፣ እኔ ብዙ ዘመን ቤት ውስጥ ያቃጥላል። ልጆች እዚያው ይተኛል። አንተ ወርቅ ፈልገህ ነው።”

“አይታይም፣ አይሸትም” አልኩት። “በትንፋሽ ገብቶ ነርቭ ይጎዳል። እጅ ያንቀጠቅጣል።”

ሳቁን ተወ። ሳህኑን የያዘ እጁን ተመለከተ፤ እኔም ያን ጊዜ ገባኝ።

“ሴት ልጄም እጁ እንዲህ ነው” አለ ቀስ ብሎ።

የዕለት የመጠጥ ውሃውን አንስቶ ከሰሉ ላይ ገለበጠው። ጨርቁን እንደነበረ ቋጥሮ ለጠባቂው ዘረጋለት። “በር ከተከፈተ እሠራለሁ። ተዘግቶ አልሠራም።”

ጠባቂው በጥፊ መታው። ሽማግሌው የተዘረጋ እጁን አላጠፈም። ጠባቂው ጨርቁን ነጥቆ፣ ምድጃውን አንስቶ ወጣ።

ከእኔ ውሃ እንድንካፈል ጣሳዬን ሰጠሁት። አሽትቶ መለሰልኝ።

“መጀመሪያ አንተ ጠጣ” አለ።

ጠጣሁ። ከዚያ እሱም ጠጣ።

በማግስቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ጠቋሚ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ስለ እሱ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ገብቶ፣ ወርቅ የሚያቃጥልበትን ምድጃ ወደ ደጅ አውጥቶት ይሆን?