ግድግዳው የዋጠው ገጽ

የዱቄት ሙጫ ሲፈላ የሚሸተውን የማያውቅ ሰው ሰቆጣ አድጌያለሁ ቢለኝ አላምነውም። ትናንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ስገባ ያ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ታናሽ እህቴ ሰላም፣ ዘንድሮ መምህርት ሆና የተመደበችልን፣ ለልጆች የመጡትን የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ገነጣጥላ የንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ ብሩሹን ነክራለች። «ተዪ!» ብዬ ጮህኩባት። ክው አለች። ምን ላድርግ፣ እትዬ ዘይነባ ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

እትዬ ዘይነባ ከቤታችን በላይ፣ ወደ ገበያው መውጫ ሱቅ ነበራቸው። ሳሙናው፣ ነጭ ጋዙ፣ ብስኩቱ፣ የባትሪ ድንጋዩ ሁሉ እዚያ ነው። የጭቃ ግድግዳቸውን ለዒድ የለበጡት እንደ ሰው በጋዜጣ ሳይሆን፣ ልጃቸው ከወልድያ ባመጣላቸው የሥዕል መጽሔት ነበር። እኛ ጨው ግዙ ተብለን እንላክና አንገታችንን አንጋጠን ስናነብ እንቀር ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወረቀት ሁለት ፊት አለው። አንዱን ስናነብ ሌላው ጭቃው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ታሪኩ በየመሃሉ ይዘላል፤ የጎደለውን እኛው እንሞላዋለን።

ከሁሉ የወደድነው የአንድ የከተማ ልጅ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጁ ከውሻው ጋር የሱቅ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ቀይ መስመር ያለው ነጭ ጫማ ያያል። ጓደኞቹ ያደረገውን አሮጌ ጫማ እያዩ ይስቁበታል። ቀጥሎ በሚታየው ገጽ ላይ ደግሞ አዲሱን ጫማ አድርጎ፣ እነዚያው ልጆች ትከሻቸው ላይ ተሸክመውታል። ሁሉም ጥርስ በጥርስ ሆነዋል። ውሻው ግን የለም። እትዬ ዘይነባስ ነጋዴ አይደሉ! ያንኑ የመሰለ ጫማ አስመጥተው ልክ ከሥዕሉ ጎን ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

ታላቅ ወንድሜ ካሳው ያን ጫማ ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። የእሱ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ተበጥሶ በጋለ ቢላዋ ተጣብቆ፣ እንደገና የተበጠሰ ነበር። ክፍል ውስጥም ይስቁበታል።

«ውሻውን ሸጦ ነው ያገኘው» አለኝ አንድ ቀን።

«ውሻ ደግሞ ማን ይገዛል?»

«ከተማ ይገዛል። ካልሸጠውማ የት ሄደ?»

ካሳው ክርስትና ሲነሳ የክርስትና አባቱ የሰጡት ፍየል ነበረችው። በእኛ ዘንድ ለልጅ በስሙ የተሰጠ ከብት የራሱ ነው፤ እናቱም እንኳ ሳታስፈቅደው አታዝበትም። ያኔ ግን እናታችን ወልዳ ታማ ተኝታ፣ ጡቷ ነጥፎ፣ ጨቅላዋ ሰላም ነፍሷ የቆየው በዚያች ፍየል ወተት ነው። አባታችን ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ እንደወረደ ወሬው ጠፍቷል።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ተነስቼ ብወጣ ፍየሏ የለችም፤ ገመዷም የለም። ጨቅላዋ ሰላም ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። እየሮጥኩ ሱቁ ስደርስ ካሳው ፍየሏን ይዞ ባንኮኒው ፊት ቆሟል።

«ይቺን ይውሰዱና ጫማውን ይስጡኝ» ይላል።

እትዬ ዘይነባ ወጥተው የፍየሏን ጡት ዳሰሱ። ተወጥሯል።

«አልታለበችም? ታዲያ ጨቅላዋ ምን ጠጣች?»

ካሳው ዓይኑን ከጫማው አልነቀለም። በሩ ላይ የቆመ የፍየል ነጋዴ፣ «እርስዎ ካልፈለጓት እኔ ልውሰዳት» አለ። ካሳው ገመዱን እንደያዘ ወደ ሰውዬው ዞረ። ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

«የራሴ ናት!» ብሎ ጮኸብኝ። «እሱስ ውሻውን ሸጦ አይደል?» ጣቱን ግድግዳው ላይ ቀሰረ።

እትዬ ዘይነባ ሥዕሉን አዩ፣ ጫማውን አዩ። «ወላሂ፣ እዚህ የሰቀልኩት እኔው ነኝ» አሉ፣ ለራሳቸው። «ቆይ፣ አንተ ልጅ። ገመዱን እንዳትለቅ።»

ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉበት ያዘጋጁትን ውሃ አንስተው ግድግዳው ላይ ደፉት። ያን ያማረ ግድግዳ! ከጥጉ ጀምረው የመጀመሪያውን ወረቀት በጥፍራቸው ይልጡ ጀመር። ጫፉ ተቀደደ። ነጋዴው ሳይቀር ለማየት ቀረብ አለ። ቀስ እያሉ ላጡትና ከነጭቃው ገልብጠው ሰጡኝ። «እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም፤ አንቺ አንብቢለት» አሉኝ።

ጭቃውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ውሻው በር ላይ ተኝቷል፤ ማንም አልሸጠውም። መነጽር ያደረገ አባት ቦርሳውን ከኪሱ እያወጣ፣ «የፈለግከውን ምረጥ፣ ልጄ» ይላል። በቃ። ሌላ ምንም የለውም።

ካሳው ሥዕሉን አየው፣ አየው። ከዚያ፣ «አባባ ግን መቼ ነው የሚመጣው?» አለ። አባታችን ከሄደ ወዲህ ስሙን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ጫማውን ከሚስማሩ አውርደው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት። ቢላዋ እሳት ውስጥ ጨምረው የተበጠሰውን ኮንጎ እያጣበቁ፣ «ሂድ፣ ጨቅላዋ እህትህ እየጠበቀችህ ነው» አሉት። ነጋዴው እያጉረመረመ ሄደ። እኛም ፍየሏን ይዘን ወረድን።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል። የተላጠውን ቦታ እስከ መጨረሻው ሌላ ወረቀት አላለበሱትም፤ ጫማም ዳግመኛ እዚያ አልሰቀሉም።

ይህን ሁሉ ትናንት ለሰላም ነገርኳት። ሰምታው አታውቅም ነበር። ሙጫው የደረቀበትን ብሩሽ እንደያዘች፣ «ታዲያ ያን ቀን ጠጣሁ?» አለችኝ።

«ጠጣሽ እንጂ። ካሳው ራሱ አልቦ ነው ያጠጣሽ።»

ብሩሹን አስቀመጠች። ከመስኮት መስኮት ገመድ ወጥረን ገጾቹን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። እረፍት ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ገብታ ታነብ ጀመር። በዚህ በኩል ያለውን ጨረሰችና፣ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር ወደ ማዶ አለፈች።