ለእህቴ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ለምን ብትሉኝ፣ እሳቸው የእኔም የእህቴም ነፍስ አባት ናቸው፤ እኔ ቤት ጸበል ረጭተው እሷ ቤት ይሄዳሉ። ምስጢር ያወጣሉ ብዬ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ። እሷን ባዩ ቁጥር የእኔ ሥራ ትዝ እንዳይላቸው ፈርቼ ነው። ስለዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናዘዝ።

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናታችን ስትሞት እህቴ ሰላማዊት ገና ልጅ ነበረች። እሷን አሳድጌ፣ አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ አበቃለሁ ስል የእኔ ጊዜ አለፈ፤ በእኔ ስም ደጃችንን የረገጠ ሽማግሌ የለም። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ብታዝኑልኝ እቀየማለሁ።

ጌታነህ የሰላማዊት ጓደኛ ነበር፣ የአንበሳሜ ልጅ። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ሊያገባት እንዳሰበ፣ እሷ ግን ምንም እንዳታውቅ፣ ሰርፕራይዝ እንደሆነ ነገረኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ዋርካ ካለበት፣ መሬቱን አበባ ሊያለብሰው፣ ጓደኞቹን በጀልባ ሊያስመጣ፣ እሱ ቀለበት ይዞ ሊንበረከክ! አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ መላክ ምን አደረገህ ብዬ አላገጥሁበት። ሽማግሌው አይቀርም፣ መጀመሪያ ግን ከራሷ አፍ እሺታዋን ልስማ አለኝ። ከእኔ የፈለገው የዕለቱን ቀሚስ እንድሰፋላትና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዓሣ እንብላ ብዬ ወደ ዋርካው እንዳመጣት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስልክ በስልክ ሆንን። ጥልፉ ምን ይሁን፣ አበባው ቢጠወልግስ፣ ቢዘንብስ ይለኛል። እህቴ ስትገባ እዘጋበታለሁ። ማን ነው ትላለች፣ ደንበኛ ነው እላለሁ። ውሸት አልለመድሁም ነበርና ፊቴ ያስታውቃል። አንድ ጊዜም የጌታነህን ስም ስልኬ ላይ አይታ ሰላማዊት ጠረጠረች። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፤ ቀና ብዬ ሳያት ዞር ትላለች። አንድ ቀን በማዕድ ላይ ጉርሻዬን እምቢ አለችኝ፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ታዲያ እኔ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ቆንጆዋ እህቴ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያያት እህቴ፣ እኔን ወንድ ልትነጥቅ የምትችል ሴት አድርጋ ቆጠረችኝ። እናንተም ጌታነህን ወደድሽው ወይ ብላችሁ ትጠረጥሩኝ ይሆናል፤ ጠርጥሩ፣ መብታችሁ ነው። አልወደድሁትም። ወድጄው ቢሆን ስም ያለው ኃጢአት ይሆንልኝ ነበር። እኔ የወደድሁት መጠርጠሬን ነው። እንዲህ ያለች ሴት ምን ትባላለች?

ቀሚሱ አለቀ። የእኔና የእሷ ልክ አንድ ስለሆነ ጌታነህ እስቲ ለብሰሽ አሳይኝ አለኝ፤ ለበስሁለት። ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያይ ሰላማዊት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እሱ ክው አለ። ሱሪ ላሳጥር ነው የመጣሁ ብሎ ሹልክ አለ፤ በእጁ ሱሪ የለ። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እታለም፣ አንቺና እሱ ምን አላችሁ?» አለችኝ።

ቀሚሱ ያንቺ ነው ማለት ይበቃ ነበር። ብላት ምን ይቀርብኝ ነበር? ሰርፕራይዙ ይበላሻል፣ በቃ። እኔ ግን ወደ መስታወቱ ዞርሁ። ጥለቱን በእጄ እያስተካከልሁ፣ «ምን ይኖረናል ብለሽ ነው?» አልኋት። ሳቅሁም። እንዴት አድርጌ እንደሳቅሁ አውቀዋለሁ፤ አውቄ ነው የሳቅሁት።

ሰላማዊት ኩራተኛ ናት፤ ሞታ ትገኛታለች እንጂ እሱን አትጠይቅም። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ አክስታችን ዘንድ ሄደች፣ ስልኳንም ዘጋችበት። መሄዷን ለጌታነህ ሳልነግረው እሁድ ብቻዬን ወደ ዋርካው ሄድሁ። ነጠላ ተከናንቤ ስለነበር ጓደኞቹ ከሩቅ እሷን መስያቸው ከጀልባው ላይ አጨበጨቡ። ጌታነህ ብቻ ለየኝ። አበባው መሀል ቆሞ ምን አድርጌያት ነው፣ የምታውቂው ካለ ንገሪኝ ብሎ ለመነኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልቧ ባይፈቅድ ይሆናል አልሁት። አመነኝ። ወር ሳይሞላው ባሕር ዳርን ለቆ ሄደ።

ምስጢር ጠበቅሁ እያልሁ ራሴን ስደልል ኖርሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአፍ ሳይወጣ ቀርቶ ሰው የጎዳውንስ ምን ይሉታል? እህቴን ያጣላኋት እኔ ነኝ። ያስለቀስኋትም እኔ ነኝ።

በኋላ ሽማግሌ የላከ የመሸንቲ ነጋዴ አገባች። ደግ ሰው ነው፣ ልጆችም ወልደዋል። ከዓመታት በኋላ ከጀልባው ጓደኞች አንዱ ገበያ ላይ አግኝቷት ሁሉን ነገራት፤ አበባውን፣ ቀለበቱን፣ ቀሚሱ ለማን እንደተሰፋ። በዚያው ዕለት ወደ እኔ መጣች። ፊቷን ሳየው አለቀልኝ አልሁ። ትስደበኝ፣ ትርገመኝ፣ ቢያንስ ይወጣልኛል ብዬ ቆምሁ። እሷ ግን እግሬ ላይ ወደቀች።

«አንቺ ምስጢሩን ስትጠብቂልኝ እኔ ክፉ አሰብሁብሽ። ለእግዜር ብለሽ ይቅር በይኝ፣ እታለም» አለችኝ።

ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። ከእግሬ አነሳኋት፣ እንባዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት፣ አገላብጬ ሳምኋት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኋት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም።