የምሥራቹ የእናቲቱ ነው

ቢቸና በአዋላጅ ነርስነት ሥራ በጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ሲስተር አስካለ ጓንትና መቀስ ከማሳየታቸው በፊት በማዋለጃ ክፍሉ በር ጀርባ የተለጠፈውን የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። «የታካሚን ምስጢር መጠበቅ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«እዚህ ክፍል ምስጢር ምንድን ነው?»

«በሽታ ነዋ፣ ሲስተር።»

«የምሥራችም ነው» አሉኝ። የምሥራች እንዴት ምስጢር ይሆናል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የገባኝ ከዓመታት በኋላ ሞጣ ተዛውሬ ነው። ዘሀራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ሚስት አራተኛ ልጇን ልትወልድ መጣች። ምጡ ፋታ ሲሰጣት እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ሦስቱም ሴቶች ናቸው። የመጨረሻዋን ስወልድ ወሬው ቀድሞኝ ወጣ። ባለቤቴ ሲሰማ ፊቱን አላየሁትም፤ ደስ ይበለው ይክፋው እስከ ዛሬ አላውቅም። የዛሬውን እኔው ልንገረው፤ አደራሽን!»

ሴት ወለደች። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ደሟ ልክ መሆኑን ካየሁ በኋላ፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝቼ በሩን ገርበብ አደረግሁ። አማቷ እትዬ ዘይነባ የጎረቤት ሴቶችን አስከትለው ቆመዋል። በእኛ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ቁጥሩ ሳይታወቅ ማን ይጀምራል?

«እናትም ልጅም ደህና ናቸው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ሰባት ነው ሦስት?»

«እሱን እናቲቱ ትናገራለች፣ እትዬ። መጀመሪያ አባትየው ይግባ።»

«ኧረ በአላህ! የገዛ የልጅ ልጄን ትደብቂኛለሽ? ሴቶቹ እኮ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ!»

እውነትም ከፍተው ቀርተዋል። ሳቄ ቢመጣም ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። እትዬ ዘይነባ «ይቺስ ዘበኛ ናት!» ብለው አጉረመረሙ።

አባትየው ገባ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መሣሪያ ማጠብ ያዝኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩን በርግዶ ወጣና «ሴት ናት!» ብሎ እልልታውን ራሱ አቀለጠው። ድምፁ ጉንፋን የያዘው አውራ ዶሮ ይመስል ነበር።

«አንተ! እኛ ሴቶቹ እያለን?» አሉ እናቱ።

«ምን ላድርግ፣ ቁጥር ስትጠብቁ ዘገያችሁ!»

እትዬ ዘይነባም ሳቅ እያፈናቸው ተቀበሉት፤ ግቢው በእልልታ ደመቀ። ስንት ጊዜ እንደተባለ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ዘወር ስል ዘሀራ እየሳቀች ታለቅሳለች። «አየሁት» አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ወጣት አዋላጆች «ደንቡ ለፈተና ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። አንዲት ሴት የባሏን ፊት እንድታይ ጠቅሟል። ለእኔ ይበቃኛል።